ራቭ 4 ወይስ ሲአርቪ? ከመግዛት በፊት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቶዮታ ራቭ 4 እ.ኤ.አ. በ1994፣ የሆንዳ ሲአርቪ ደግሞ በ1995 ገበያ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ የቤተሰብ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያይ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። እዚህ የምናወዳድረው አምስተኛውን ትውልድ ራቭ 4 (ከ2019 እስከ 2025 ሞዴል) እና ስድስተኛውን ትውልድ ሲአርቪ (ከ2023 ሞዴል ወዲህ) ነው። ያገለገለ ለሚፈልግ ሰው እንዲጠቅም የቀድሞውን ሲአርቪም (ከ2017 እስከ 2022) አልፎ አልፎ እናነሳለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሞተሩም ሆነ መሣሪያው ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ፣ የሚገዙትን መኪና ዝርዝር ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ ጋር እያስተያዩ ያንብቡ።

ዝርዝሩ ይቆየኝ፤ በአጭሩ የትኛው ይሻላል?

ከኋላ በየቀኑ ልጆች ወይም ረጃጅም ሰዎች የሚቀመጡ ከሆነ ሲአርቪ። ውሎዎ ከተማ ውስጥ ሆኖ ቆም ሄድ የሚበዛበት ከሆነና መኪናውን ለረጅም ዓመት ለመያዝ ካሰቡ ሃይብሪዱ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራው) ራቭ 4። ሰዉ ብዙውን ጊዜ «ቶዮታ ወይስ ሆንዳ» ብሎ ይከራከራል። ኪስ ላይ ልዩነት የሚያመጣው ግን «የትኛው ሞተር፣ ከየትኛው ካምቢዮ ጋር» የሚለው ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ራቭ 4ዎች ከኮፈናቸው በታች ፈጽሞ የማይገናኙ መኪኖች ሊሆኑ ይችላሉ።

በመጠን የሚበልጠው የቱ ነው?

ሲአርቪ። ርዝመቱ 4.69 ሜትር ገደማ ሲሆን የራቭ 4 4.60 ሜትር ገደማ ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ግን 2.70 እና 2.69 ሜትር በመሆኑ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ትርፉ ርዝመት የሚገኘው ከጎማዎቹ ውጪ ስለሆነ፣ ጠባብ ቦታ ሲያቆሙ ሲአርቪው 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝምብዎታል።

የሕፃን ወንበር ለማሰርና ሦስት ሰው ከኋላ ለማስቀመጥ የቱ ይመቻል?

እዚህ ላይ ሲአርቪ በግልጽ ይበልጣል። በአሜሪካ ዝርዝር መሠረት የኋላ ተሳፋሪ የእግር ቦታ በሲአርቪ 104 ሴንቲ ሜትር፣ በራቭ 4 96 ሴንቲ ሜትር ነው። ስምንት ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ትንሽ ትመስላለች። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን ወንበር ሲገባ ግን ከፊት የተቀመጠው ሰው ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይንካ አይንካ የምትወስነው እሷ ነች። የሲአርቪ የኋላ በሮች ወደ 90 ዲግሪ ተጠግተው የሚከፈቱ መሆናቸውም ቀላል ነገር አይደለም፤ የተኛ ሕፃን ያለበትን ወንበር ሳያጋድሉ ቀጥ አድርገው ያስገቡታል።

ቁጥር አይተው ብቻ አይመኑ። የራስዎን የሕፃን ወንበር ይዘው ሄደው እንዲህ ይሞክሩት፦

መጀመሪያ የፊቱን ወንበር በቤቱ ውስጥ ረጅሙ ሾፌር እንደሚቀመጥበት ያስተካክሉ። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጥ ሰው ይሳሳታል፤ የሕፃኑን ወንበር ቀድሞ ካሰሩት ሁሌም የሚበቃ ይመስላል። ቀጥሎ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን የአይሶፊክስ ማሰሪያ (የሕፃን ወንበር የሚቆለፍበትን ብረት) በጣትዎ ይፈልጉት። በወንበሩ መደገፊያና መቀመጫ መገናኛ ላይ ስፌቱ ጠበቅ ካለ ጥፍርዎን ይልጥዎታል፣ በየቀኑ ለሚያወጣና ለሚያስገባ ሰው ደግሞ ይሰለቻል። ወንበሩ ቀጭ ብሎ ሲገባ ሥሩን ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ይነቅንቁት፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። ፊቱ ወደ ፊት ለሚያይ ወንበር የላይኛውን ማሰሪያ መንጠቆም ያግኙ።

ሁለት የሕፃን ወንበር ዳርና ዳር ከታሰረ በኋላ መሃል ላይ አዋቂ ያስቀምጡ። ሰውየው ተቀምጦ የቀበቶውን መቆለፊያ በእጁ ማግኘት ካልቻለ፣ መኪናው የአምስት ሰው ተብሎ ቢሸጥም ለእናንተ የአራት ሰው ነው። በሁለቱም መኪኖች ውስጥ ሦስት የሕፃን ወንበር በአንድ ረድፍ መግባቱ በወንበሮቹ ስፋት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሰፋፊዎቹ አይገቡም።

ሰባት ሰው የሚጭን አለ?

አምስተኛው ትውልድ ራቭ 4 ሦስተኛ ረድፍ የለውም። ሲአርቪ በአንዳንድ ገበያዎች ሦስት ረድፍ ሆኖ ይሸጣል፤ የመጨረሻው ረድፍ ግን ለልጅ ነው።

የዕቃ መጫኛው ስፋት በሊትር ሲነገር ለምን አይገጥምም?

አለካኩ ስለሚለያይ። ያው አንዱ ራቭ 4 በአውሮፓ መለኪያ 580 ሊትር፣ በአሜሪካ መለኪያ ከ1,060 ሊትር በላይ ይባላል። የመጀመሪያው ወንበሮቹ ቆመው እስከ ዕቃ መሸፈኛው ያለውን፣ ሁለተኛው እስከ ጣሪያ ያለውን ይቆጥራል። ስለዚህ የአንዱን መኪና ቁጥር ከአንድ አገር፣ የሌላውን ከሌላ አገር ወስዶ ማወዳደር ከንቱ ነው። በአንድ መለኪያ (በአሜሪካው) ሲታዩ ራቭ 4 1,060፣ ቤንዚኑ ሲአርቪ 1,110፣ ሃይብሪዱ ሲአርቪ 1,030 ሊትር ገደማ ናቸው።

ሃይብሪዱ ሲአርቪ ለምን እንዳነሰ ልብ ይበሉ፤ የባትሪው ክፍል ከኋላ ወለል ሥር ገብቷል። በዚሁ ምክንያት ብዙዎቹ ሃይብሪድ ሲአርቪዎች ቅያሪ ጎማ የላቸውም፤ በምትኩ የመጠገኛ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕረሰር ይሰጣሉ። ፈሳሹ ሚስማር የወጋውን ቀዳዳ ይደፍናል። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ግን ምንም አያደርግም። ጥገና ቤት የሌለበት ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ይህን ሳያውቅ መግዛት የለበትም፤ ወለሉን አንስተው በዓይንዎ ይዩ።

ቤንዚን ብቻ ከሚጠቀሙት ሞተሮች የቱ ይመረጣል?

በብዙ ገበያ ራቭ 4 ከባለ 2.5 ሊትር፣ ቱርቦ ከሌለው፣ 203 የፈረስ ጉልበት ካለው ሞተርና ከባለ ስምንት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር ይመጣል። በሌሎች ገበያዎች ባለ 2.0 ሊትር ሞተር ከሲቪቲ (ማርሹ በደረጃ ያልተከፈለ አውቶማቲክ) ካምቢዮ ጋር ይሸጣል። ሲአርቪ በበኩሉ ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ ሲሆን 190 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ካምቢዮው ሲቪቲ ነው።

መንዳቱ ላይ ሲአርቪው ለስለስ ይላል። ቱርቦው ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ስለሚገፋ አቀበት ላይ ነዳጁን ጠበቅ አድርጎ መርገጥ አያስፈልግም። የራቭ 4 ባለ 2.5 ሞተር ሲጨነቅ ድምፁ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይህ ከመጀመሪያው ቀን የሚሰማ እንከኑ ነው። ዕድሜን ካሰብን ግን ሚዛኑ ወደ ራቭ 4 ያጋድላል። ቱርቦ የለውም፤ ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩም ወደ አየር መግቢያውም ይረጫል፣ በዚህም የመግቢያ ቫልቮቹ ላይ የሚከማቸው ጥቀርሻ ይቀንሳል። ሁለቱም ሞተሮች ቺንጋ ሳይሆን ካቴና ስላላቸው በየተወሰነ ኪሎ ሜትር የሚቀየር የታይሚንግ ቺንጋ ወጪ የለም።

ባለ 2.0 ራቭ 4 ከቱርቦው ሲአርቪ ጋር ሲነጻጸር ግን አምስት ሰው ጭኖ ዳገት ላይ ይደክማል። እሱን አስበው ከሆነ በሙከራው ቀን ብቻዎን አይንዱት፤ ቤተሰቡን በሙሉ ጭነው ይውጡ።

የሲአርቪ ዘይት ከቤንዚን ጋር ይቀላቀላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በተለይ በ2017 እና 2018 ሞዴሎች ባለ 1.5 ቱርቦው ላይ፣ ቅዝቃዜ በሚበረታባቸው አገሮች ጎልቶ ታይቷል። ሆንዳ በአንዳንድ ገበያዎች የሶፍትዌር ማስተካከያ አድርጓል፣ የዋስትና ጊዜም አራዝሟል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ቤንዚን ሁሉም አይቃጠልም፤ ቀሪው ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። መኪናው ረጅም መንገድ ከሄደ ዘይቱ ግሎ ቤንዚኑን መልሶ ያተነዋል። አምስት ደቂቃ ነድቶ የሚያጠፋ ሰው ግን ዘይቱ ለዚያ ሙቀት ስለማይደርስ በላይ በላይ ይጠራቀማል። ይህ ሞተር የሚይዘው ዘይት 3.5 ሊትር ገደማ ብቻ መሆኑም አያግዝም፤ የራቭ 4 ባለ 2.5 ከፊልትሮው ጋር 4.5 ሊትር ያህል ይወስዳል። ትንሽ ዘይት ቶሎ ይቀጥናል፣ የቀጠነ ዘይት ደግሞ የቱርቦውን ዘንግና ኩሽኔታዎቹን በደንብ አይጠብቅም።

ያገለገለ ሲአርቪ ሲያዩ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፣ መልሰው እስከ መጨረሻው አስገብተው ያውጡት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከታየ ጥርጣሬ ይግባዎት፤ ዘይት ይቀንሳል እንጂ በራሱ አይጨምርም። ከዚያ ያሽትቱት። የተቃጠለ ዘይት ሽታና የቤንዚን ሽታ አይምታታም። አዲሱን ገዝተው አጭር መንገድ የሚነዱ ከሆነ ደግሞ የዘይት መቀየሪያውን ጊዜ መኪናው በስክሪን እስኪነግርዎ አይጠብቁ፣ ቀደም ያድርጉት።

ሁለቱ ሃይብሪዶች በምን ይለያያሉ?

የራቭ 4 ሃይብሪድ 2.5 ሊትር ሞተርን ከኤሌክትሪክ ሞተሮች ጋር በጥርስ ስብስብ አጣምሮ ይሠራል፤ አራቱም ጎማ የሚነዳው ዓይነት በጠቅላላው 219 የፈረስ ጉልበት አለው። ሲአርቪ ባለ 2.0 ሊትር ሲሆን 204 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በሲአርቪ አብዛኛውን ጊዜ ጎማውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ ቤንዚኑ ጄኔሬተር ያዞራል። በተረጋጋ ፍጥነት ሜዳ መንገድ ላይ ብቻ አንድ ክላች ሞተሩን ከጎማው ጋር በቀጥታ ያገናኘዋል።

በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መለኪያ አራት ጎማ የሚነዳው ሃይብሪድ ራቭ 4 በሊትር 17 ኪሎ ሜትር፣ አራት ጎማ የሚነዳው ሃይብሪድ ሲአርቪ 15.7፣ ሁለት ጎማ የሚነዳው ሲአርቪ ደግሞ 17 ገደማ ይሄዳሉ። ቤንዚን ብቻ የሚጠቀሙት ሁለቱም ከ12 እስከ 13 መሃል ናቸው። ትልቁ ቁጠባ ከተማ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ አውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ለሃይብሪዱ የሚጨመረው ዋጋ ለመመለስ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

ያገለገለ ሃይብሪድ ራቭ 4 ላይ ምን ልፈትሽ?

ሁለት ነገር። አንደኛው ከኋላ ወንበር ግርጌ ያለው የባትሪ ማቀዝቀዣ አየር መሳቢያ ነው። ባትሪው ከወንበሩ ሥር ተቀምጦ ከተሳፋሪው ክፍል አየር ይስባል፤ በመሳቢያው ላይ የሚወጣና የሚጸዳ ፊልትሮ አለ። ልጆች ባሉበት መኪና ውስጥ የብስኩት ፍርፋሪ፣ የብርድ ልብስ ክር፣ የውሻ ፀጉር እዚያ ይሰበሰባል። አንዳንዴም ሻንጣ ወይም ጃኬት አፉን ይደፍነዋል። ባትሪው ሲግል መኪናው ራሱን ለመጠበቅ የኤሌክትሪክ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ሾፌሩ የሚያየው ግን ቤንዚን መብላቱን ብቻ ነው። ክዳኑን ነቅለው ፊልትሮውን ያውጡ። ግራጫ አቧራ እንደ ጨርቅ ከለበሰ የቀድሞው ባለቤት ስለ መኖሩም አያውቅም ማለት ነው፤ ሌላውን ጥገናም በዚያ መጠን ይገምቱ።

ሁለተኛው አራት ጎማ በሚነዳው ላይ ወደ ኋላው ኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄደው ብርቱካናማ የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ ነው። በ2019 እና በተከታዮቹ ጥቂት ሞዴሎች የገመዱ መጋጠሚያ ውሃና ጨው ሲገባው ይዝጋል። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚነሰነስባቸው አገሮች የተነዳ መኪና ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ገመዱ ሙሉ በሙሉ ሲቀየር ውድ ነው። መኪናው በሊፍት ላይ ሲነሳ በመብራት ይመልከቱት፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት መጋጠሚያው ዙሪያ ካለ ይለፉት። በዓይን ብቻ ነው የሚታየው። በእጅ መንካትም ሆነ መንቀል ለሠለጠነ ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው።

ለጭቃና ለኮረኮንች መንገድ የትኛው ይችላል?

የትኛውም ሎ ሬንጅ (ለከባድ መንገድ የሚሆን ዝቅተኛ የማርሽ ምድብ) ስለሌለው ሁለቱንም እንደ ላንድክሩዘር አይቁጠሯቸው። ከመሬት ከፍታቸው በራቭ 4 ከ20.5 እስከ 22 ሴንቲ ሜትር፣ በሲአርቪ ከ20 እስከ 21 ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ አይጋነንም።

አሠራራቸው ግን ይለያያል። ሃይብሪዱ ራቭ 4 ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ የለውም፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው 40 ኪሎ ዋት የሆነ ለብቻው የተቀመጠ ሞተር ነው። የሚያዳልጥ መንገድ ላይ ለመነሳት ይበቃል። ጥልቅ ጭቃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለመታገል ግን አልተሠራም። ሲአርቪው፣ ሃይብሪዱን ጨምሮ፣ ጉልበቱን በዘንግ ወደ ኋላ ዲፍሬንሻል ይልካል።

የሲአርቪ ዲፍሬንሻል የራሱ የሆንዳ ዘይት ይፈልጋል፤ ውስጡ ክላች አለና። ተራ የዲፍሬንሻል ዘይት የተጨመረበት ወይም ዘይቱ ያረጀ እንደሆነ መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዘው ቀስ ብለው ሲዞሩ ከኋላ እንደ ማጉረምረም ያለ ድምፅ ይሰማል። ገና ሳይከፋ ዘይቱን ቀይሮ ማዳን ይቻላል። ካምቢዮዎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ሲቪቲ ውስጥ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት መጨመር ካምቢዮውን መግደል ነው፣ ስለዚህ የጥገና ደረሰኝ ላይ የዘይቱን ዓይነት ያንብቡ። አራት ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ደግሞ አንድ ጎማ ብቻ አዲስ ሆኖ ሦስቱ ያለቁ ከሆኑ ዲፍሬንሻሉ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ከርሟል።

በሙከራ ጉዞ ላይ ምን ላዳምጥ?

ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቅዎ አስቀድመው ይንገሩት። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የካቴና መንቋቋት፣ ጭስና ያልተስተካከለ አዟዟር ይታያል፤ ከሞቀ በኋላ ሁሉም መኪና ጨዋ ነው። ሲቪቲ ያለው ከሆነ ከቆመበት በዝግታ ይነሱ፤ መንዘፍዘፍ ወይም ወደፊት ገፋ ገፋ ማድረግ ካለ አይግዙት።

ከ2023 እስከ 2025 ሲአርቪ ከሆነ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በፍጥነት እየሄዱ መሪውን በትንሹ ወዲህና ወዲያ ያድርጉት። መሃል ላይ ሲደርስ ያዝ የሚያደርግ ከሆነ የመሪው ጊር ቦክስ ችግር ነው፤ ሆንዳ በ2024 ለዚሁ ብዙ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። የሻንሲ ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ጥገናው መደረግ አለመደረጉን ያጣሩ። ለራቭ 4ም ያው ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የፊት መስታወቱ ተቀይሮ ከሆነ ይጠይቁ። በሁለቱም መኪኖች በራሱ ፍሬን የሚይዘውና መስመር የሚጠብቀው ካሜራ መስታወቱ ላይ ስለሚያርፍ፣ ከቅያሬ በኋላ እንደገና ካልተስተካከለ የሚያየው ቦታ ይዛነፋል።

በ17 እና በ19 ኢንች ቸርኬ መካከል ይህን ያህል ልዩነት አለ?

አለ። 225/65 የሆነ ባለ 17 ኢንች ጎማ የጎኑ ከፍታ 146 ሚሊ ሜትር ነው፤ 235/55 የሆነው ባለ 19 ኢንች 129 ሚሊ ሜትር። ያቺ 17 ሚሊ ሜትር ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ለቸርኬው ትራስ ነች። የ19 ኢንች ጎማም ውድ ነው። መኪናው ቆሞ ሲታይ ትልቁ ያምራል፣ ይህን አንክድም፤ ለቤተሰብ ግን 17ቱን ወይም 18ቱን እንመርጣለን።

የአንዱ ቸርኬ ለሌላው ይሆናል?

የዳዶው አቀማመጥ በሁለቱም አምስት በ114.3 (አምስት ዳዶ፣ 114.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ) ስለሆነ የሚሆን ይመስላል። የመሃሉ ቀዳዳ ግን በራቭ 4 60.1፣ በሲአርቪ 64.1 ሚሊ ሜትር ነው። የራቭ 4 ቸርኬ ሲአርቪ ላይ ጭራሽ አይገባም። የሲአርቪው ራቭ 4 ላይ ቢገባም መሃሉን የሚሞላ ቀለበት ከሌለው በፍጥነት መሪው ይርገበገባል። የዳዶው መቀመጫ ቅርጽም ይለያል፤ የሆንዳ ክብ ነው፣ ስለዚህ ቸርኬው የተሠራለትን ዳዶ እንጂ ከመኪናው የወለቀውን አይሰሩበት። ማጥበቂያው በራቭ 4 103፣ በሲአርቪ 108 ኒውተን ሜትር ነው፤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ እንደገና በቶርክ ቁልፍ ይፈተሽ።